የሰሊጡ እጣቢ

የሽንፋው ዘይት መጭመቂያ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ደሞዝ በፋብሪካው የመጣበትን አይወድም። ደርግ ከጎንደር ወደ ቆላው ሲያዛውረው ዘመዶቹ የሚሞት መስሏቸው አልቅሰውለት ነበር። እሱ ግን ሙቀቱንም ወባውንም ለምዶ፣ የመጭመቂያውን ድምፅ እንደ ልጁ ሳል ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሆነ። በዚያ ዓመት ደግሞ ደስታው እጥፍ ነበር። ሰሊጡ ሰጥቷል፣ ኮታው ሊሞላ ነው፣ ልጁ ባየሽም በጥር ልትዳር ነው።

እንዲህ ባለ ሰሞን ከአውራጃው ጤና ጥበቃ አይናዲስ የምትባል የንጽሕና ተቆጣጣሪ መጣች። ቀጭን ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አጥልቃለች። ቢሮ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ጀርባ፣ የሰሊጡ እጣቢ በቦይ ወደ ወንዙ ወደሚወርድበት ሄደች። ደሞዝ ሲደርስባት ጥቁሩን ውሃ በእንጨት ስታማስል አገኛት። ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ያብለጨልጫል።

«ይኸ ሁሉ ወንዝ ይገባል?» አለችው።

«ሰሊጥ እኮ ነው፣ ልጄ። ሰው የሚበላው ነገር ምን ይጎዳል?»

«ሲበሰብስ ይጎዳል፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። ዓሣው እንኳ መተንፈሻ ያጣል። ከታች የሚቀዳውን ሕዝብ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ማጣሪያ እስኪሠራ ድረስ ማጠቢያው ይቆማል።»

«ኮታውስ?»

«ኮታው ውሃ አይጠጣም። ሰው ነው የሚጠጣ።»

ወዲያው የማጠቢያውን ቧንቧ ዘግታ በሽቦ አሸገችው።

ደሞዝ እየተንጨረጨረ ቤቱ ገባ። ብሶቱን ሊያወራ አፉን ሲከፍት ሚስቱ አየሁሽ ከጓሮ ጠራችው። ለሰርጉ ከጠመቀችው ጠላ የመጀመሪያውን ጋን ከፍታ ነበርና በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። አንዴ ተጎንጭቶ ፊቱ ተጨማደደ። ጠላው የከረመ ዘይት ዘይት ይላል።

«ጌሾው ነው?» አለ።

«ጌሾውን ተወው። የወንዙ ውሃ ነው። ሴቶቹ ሲያማርሩ ከርመዋል፤ ያንተ ስም እንዳይነሳ ብዬ ዝም አልሁ። እንግዲህ አማቾቻችን ይኸን ጠጥተው ምን ይበሉን?»

ደሞዝ ጣሳውን አስቀመጠ። ያቺን ተቆጣጣሪ ሊረግም ነበር የመጣው። ለራሱ ልጅ ሰርግ የራሱን እጣቢ ሊያጠጣ እንደነበር ሲገባው ሳቅ አመለጠው። አየሁሽም ልትቆጣ ጀምራ አልሆነላትም። ጋኑን ግራና ቀኝ ይዘው እየሳቁ ደፉት።

በማግስቱ ደሞዝ አይናዲስ ካረፈችበት ሄደ። «በይ ንገሪኝ፤ ምን ይደረግ?»

እሷም ጎንበስ ብላ መሬቱ ላይ ሣለችለት። ሦስት ኩሬ ይቆፈራል፣ አንዱ ካንዱ ዝቅ ብሎ። ከመጀመሪያው ገለባው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። ሁለተኛው የተረፈውን ደለል ያስቀራል። በሦስተኛው ውሃው ፀሐይና ንፋስ እያገኘው ሰንብቶ ወደ ግጦሽ ሜዳው ይለቀቃል።

«ሲሚንቶስ ከየት ይመጣል?»

«ጥቁሩ የመረሬ አፈር ራሱ ውሃ ይይዛል። ቆፋሪ ያምጡልኝ እንጂ።»

ቆፋሪስ ሞልቷል። ማጠቢያው ሲቆም ሥራ የፈቱት የጎጃምና የወሎ የቀን ሠራተኞች ዶማና አካፋ ይዘው ወረዱ። ወሎዬው ዘፈን ሲያወጣ ጎጃሜው ይቀበላል። ደሞዝም ሸሚዙን አውልቆ መሐላቸው ገባ። ባለሱቁ ሙሐመድጣሂር ከመተማ ዮሐንስ ቱቦ በመኪና አስጭኖ አመጣ።

«ወላሂ ይኸን ቀን ስጠብቅ ነበር» አለ። «ሚስቴ ሰይዳ የወንዙን ውሃ እንቢ ብላ በአህያ ከሩቅ ስታስመጣ ከረመች።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ አይደለህ? ማን ይደፍርሃል?»

ደሞዝም አንገቱን ደፍቶ ዶማውን አነሳ።

ኩሬዎቹ አልቀው ቦዩ ውስጥ ከቀረው እጣቢ ለሙከራ ጥቂት ሲለቀቅ ዘይቱ እስከ ሦስተኛው ድረስ ተግተልትሎ ወረደ። ሰው ሁሉ ኩም አለ። አይናዲስ ቦዩን ተከትላ ሄዳ ጥፋቱን አገኘችው። ቱቦው ከላይ ተቀብሯል። አስወጥታ ከኩሬው ወገብ በታች አስቀበረችውና ውሃው እንደገና ተለቀቀ። በሳምንቱ ከሦስተኛው ኩሬ በብርጭቆ ቀድታ አሸተተች። ፈገግ ብላ ሽቦውን ልትፈታ ስትነሳ ደሞዝ ብርጭቆውን ተቀበላት። አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

«ገና ነው፤ ትንሽ ይሸታል። አትፍቺው።»

«እኔ ፈቅጃለሁ እኮ!»

«አንቺ ፈቀድሽ፤ እኔ አልፈቀድሁም።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። ደሞዝ ሁለት ቀን ጨምሮ ካስቆየ በኋላ ነው መጭመቂያው የተነሳ። ከላይ የተገፈፈውን ዘይት የቀበሌው ሴቶች ወስደው ሳሙና አፈሉበት፤ ገለባው ለከብት ሆነ።

ሰርጉም ደረሰ። አየሁሽ ከፋብሪካው በላይ ካለው ምንጭ ውሃ አስቀድታ አዲስ ጠላ ጠምቃ ነበር፤ ሙሐመድጣሂርና ሰይዳ ደግሞ ለእስላም እንግዶች ለብቻ አሳረዱ። ምሳ ተበልቶ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ የሙሽራዋ አባት ጠፋ። ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። በመጨረሻ አይናዲስ ሳቋን እየታገለች ወደ ፋብሪካው ጀርባ አመለከተች።

ደሞዝ ካባውን እንደለበሰ አማቾቹን በኩሬዎቹ ዳር አሰልፎ ያስረዳ ነበር። «ይኸ ዘይቱን ይይዛል። ይኸኛው ደለሉን። ኑ፣ እናንተ ደግሞ ይኸን አሽትቱ።» ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ እያጎነበሱ አሸተቱ። ባየሽ ከነሚዜዎቿ መጥታ «አባዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ብትለው «ሦስተኛውን ሳያዩ?» አላት። ያኔ ቆፋሪዎቹ ከወዲያ ዘፈኑን አነሱ፤ አጃቢውም ተቀበለ። ሙሽራዋ ከኩሬው ዳር እስክስታ ስትመታ ውሃው ላይ ያረፉት ሳቢሳ ወፎች ብድግ ብለው በረሩ።