የዱባለ ኮት

«ታንጉቴ፣ ይሄን አሮጌ ሸሚዝ ነው የምናወጣው? ደህና ነገር የለውም?» አለች ጎረቤቷ ባይነሽ፣ የሟቹን ልብስ የምታኖርበትን ወንበር መሀል ግቢ አቁማ።

ታንጉት ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። የወንድሟ የዱባለ ሠልስት ነው፤ ለቀስተኛው ልብሱን እያየ ነው የሚያለቅስለት። ደህና ኮትስ ነበረው። ሳጥን ውስጥ ከቆለፈችበት ሦስት ዓመቱ።

ለጥምቀት ያሰፋችለት ሰባተኛ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ከሚውሉት ከጋሼ ጠይብ ዘንድ ነበር። ዱባለ ይዞት ሲመጣ አልጋ ላይ ዘርግታ ብታየው፣ ግራው ጎን ከቀኙ በአራት ጣት ይረዝማል። ሞኝ ነው ብለው ቀለዱበት ብላ አንጀቷ ተቃጠለ። «ልልበሰው፣ እዪኝ» እያለ ቢለምናትም «ሰው እንዲስቅብህ ነው?» ብላ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ በጋሼ ጠይብ በረንዳ በኩል ማለፍ ተወች።

ሰውስ ድሮም ይስቅበት ነበር። ዱባለ አእምሮው ልጅ እንደሆነ የቀረ፣ ወፍራም፣ አንገተ አጭር ሰው ነበር፤ በእግሩ የሄደው በአምስት ዓመቱ ነው። ሲቆም ሆዱን ወደፊት ገፍቶ፣ ጉልበቱን ከፈት አድርጎ፣ ቀኝ ትከሻውን ጥሎ ነው። ጣሊያን በወጣ ዓመት እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ታንጉት፣ ከቤት በወጣ ቁጥር ጀርባውን በመዳፏ ገፋ እያደረገች «ቀና በል» ትለዋለች። ቀና ይላል። መሳለሚያ ሳይደርስ ትከሻው ይወርዳል። እልኸኛ ነው ብላ ስንቴ ተቆጥታዋለች።

ትናንት ግን ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች። ሲገነዝ እንኳ ያ ትከሻ አልቃና ብሎ ሰዎቹን አስቸግሯል አሉ። እልኸኛ ካልነበረስ?

የሳጥኑን ቁልፍ ለባይነሽ ሰጠቻት። ኮቱ ወጥቶ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሲደረግ፣ ግራው ወርዶ ተንዘላዘለ። ይሄኔ ጋሼ ጠይብ ገቡ። አጠገቧ ተቀምጠው አላህ ያጥናሽ አሏት፤ ዓይናቸው ግን ኮቱ ላይ ቀረ።

«ለበሰው?»

«አልለበሰውም። ጎኑን አበላሽተውት እንዴት ይልበሰው?»

ሽማግሌው በጣታቸው የኮቱን ግራ ጎን አመለከቱ።

«አላበላሸሁትም፣ ልጄ። አጥንቱ ነው እንዲያ የተሠራው፤ ቀና በል ቢሉት ከየት ያመጣል? ቀኝ ትከሻው ስለሚወርድ፣ ሲለብሰው ጫፉ እኩል ይሆናል። አቁሜ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። ለብሶት ታየዋለች ብዬ ሰደድኩልሽ። እኔ ቤት መስታወቱ ፊት ሦስቴ ዞረ።»

«ምን አለ?»

«‹ቀና አልኩ፣ ታንጉቴ ትየኝ› አለ።»

የዕድሩ ሰዎች ከበር ደረሱ። ባይነሽ ተቻኩላ የረዘመውን ጎን ወደ ውስጥ ልታጥፈው ስትል፣ ታንጉት ተነሥታ እጇን ያዘቻት። ነጠላዋን አወረደች፤ ጠቀለለችና ከኮቱ ግራ ትከሻ ሥር ሸጎጠችው። ግራው ከፍ፣ ቀኙ ዘንበል አለ። ጫፉ እኩል ሆነ።

ከወንበሩ ኋላ ቆማ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። አልገፋችውም።