ሐር አይወጋም

ስፒል የሚሸጥ ሁሉ ስፒል አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓመት ስፒልና መርፌ ቁልፍ ሸጫለሁ። አዲስ ካርቶን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ጫፉን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አንሸራትተዋለሁ። ጥፍሬን ከያዘ ጨርቅንም ይይዛል፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ለሚያያይዙበት በርካሽ እለቀዋለሁ እንጂ ለሻርፕ አልሸጠውም። ደንበኛ ስትመጣ "ስንት ልስጥሽ?" አልልም። "ጨርቁን አሳዪኝ" ነው የምላት። ለሱፍ ወፍራሙ ይሆናል፣ ለጥጥ መካከለኛው፣ ለሐር ደግሞ በጣት ሲይዙት እንኳ የማይታወቀው ቀጭኑ። "ስፒል ለመግዛትም ምርመራ አለው እንዴ?" እያሉ የሚያሾፉብኝ አሉ። ያሹፉ። ሻርፓቸው ሲቀደድ ተመልሰው የሚመጡት እኔው ጋ ነው።

ባሌ ሲሞት ልጄ ኢክራ ገና ዳዴ ትል ነበር። በዚሁ ስፒል አሳደግኋት፣ በዚሁ ስፒል አስተማርኋት፣ ዛሬ ፋርማሲስት ናት። ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ስለምኮራበት ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሐምሌ ላይ፣ ኢክራ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ሰሚር ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ግን ዱባይ ተራ ሦስት ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ እናቱን እትዬ ሀስናን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ኒካሁ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢክራ አጠገቤ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች። ነገር ሲጨንቃት ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"ተናገሪ።"

"እነ ሰሚር እናትሽ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁኝ፣ አስመጪ ናት ብያቸዋለሁ።"

"የምን አስመጪ?"

"የልብስ ጌጣጌጥ። ውሸት እኮ አይደለም፤ ስፒሉ ከቻይና አይደል የሚመጣው?"

"ይመጣል። እኔ ግን አላመጣሁትም።"

መርካቶ ውስጥ አስመጪ መባል ማዕረግ ነው። ሰው አንዴ ሁለት ሻንጣ ይዞ ከዱባይ ከተመለሰ፣ ቢከስርም ባይከስርም እስኪሞት ድረስ አስመጪ እንደተባለ ይኖራል። እኔ ደግሞ አውሮፕላን የማውቀው በላዬ ሲያልፍ ነው። አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው ያለችው በቅሎ ትዝ አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከፋኝ። እኔ የምኮራበትን ሥራ ልጄ ታፍርበታለች ማለት ነው። ቢሆንም የሠርጓን ደስታ ላለማበላሸት ምራቄን ዋጥ አድርጌ "እሺ" አልኋት።

"ደግሞ እማዬ፣ የዚያን ቀን አንገትጌሽ ላይ ስፒል እንዳትሰኪ። ሰው ያውቅብሻል።"

ይህ ልማዴ ነው፤ ከአንገትጌዬ ላይ አራት አምስት ስፒል ጠፍቶ አያውቅም። ለዚህም እሺ አልኋት። የሠርጉ ዕለት ግን ለብሼ ስጨርስ ያለ እነሱ የሆነ ነገር የጎደለኝ መሰለኝና፣ እንዳይታዩ ከአንገትጌዬ በውስጥ በኩል ሰካኋቸው። ይህን ያህል ብቻ አታለልኋት።

ኒካሁ ታስሮ ካበቃ በኋላ የሴቶቹ ግብዣ እነ ሰሚር ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ ሆነ። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ እኛ ከታች እንበላለን። እኔን ከእትዬ ሀስና ቀጥሎ፣ ከአስመጪዎቹ ጋር አስቀመጡኝ። ቦሰና የምትባል፣ ክንዷን በወርቅ አምባር የሞላች ሴት ወደኔ ዘንበል አለች።

"ኮንቴይነር ጂቡቲ ላይ አያስቸግርሽም? እኛንስ ገደሉን።"

"አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅ" አልኋት። ከእውነት ዝንፍ አላልኩም።

ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽራዋን ከአማቷ ጋር ሊያነሳ ሲመጣ እትዬ ሀስና ከመቀመጫዋ ተነሳች። የደረበችው ሻርፕ እናቷ ሐጅ ሄደው ያመጡላት ቀጭን አረንጓዴ ሐር ነው። እናቷ ሞተዋል፤ ከሳቸው የቀራት እሱ ብቻ መሆኑን ስንቀመጥ ነግራኛለች። ባለፈው ኢድ በመርፌ ቁልፍ አያይዛው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እንደተከፈተበትም አሳይታኛለች። አሁን ደግሞ በተነሳች ቁጥር ሻርፑ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ልጆቿ ለዚሁ ቀን ያሠሩላትን የወርቅ መርፌ ቁልፍ ከደረቷ ላይ ነቅላ ከፈተችው። ርዝመቱ ጣት ያህላል፤ መርፌው ወፍራም ነው፣ ክብደቱም እንደዚያው። ሻርፑንና ቀሚሱን አንድ ላይ ጨብጣ ጫፉን ደገነችበት።

እጄን በላኝ። "ዝም በይ ሰዓደት፣ አስመጪ ስለ መርፌ ምን አገባት" አልኩ ለራሴ። ሙሽራዋን ቀና ብዬ ባያት ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ነው። ተቀመጪ ማለቷ ነው። ብቀመጥ ያ ሐር ዓይናችን እያየ ይተረተራል። ብነሳ ልጄን በአማቷ ፊት አዋርዳለሁ። አላህ ይይልኝ፣ ለመቀመጥ ሞክሬ ነበር።

"ቆዩ፣ እትዬ ሀስና" አልኩ። "ሐር አይወጋም።"

መርፌ ቁልፉን ከእጇ ተቀበልኋት። "ሁለቱን አንድ ላይ ከወጉት ሲቀመጡ ቀሚሱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ክንድዎን ሲያነሱ ሻርፑ ወደ ላይ ይጎትታል። መሀል ቤት የሚሞተው ሐሩ ነው" አልኋት። መሐረቤን አጥፌ ከቀሚሷ በውስጥ በኩል ደገፍ አደረግሁና፣ ወፍራሙን መርፌ ትከሻዋ ላይ ባለው ስፌት ብቻ አሳለፍኩት፤ ስፌት ድርብ ስለሆነ ክብደት ይችላል። ሻርፑን አጣጥፌ በወርቁ ዘንግና በቀሚሱ መሀል አሾልኬ ቁልፉን ዘጋሁት። ወርቁ ሻርፑን አቀፈው እንጂ አልነካውም። እንዳይንሸራተት ደግሞ እጄን ወደ አንገትጌዬ ሰድጄ አንድ ቀጭን ስፒል አወጣሁና፣ የሻርፑ ጠርዝ የታጠፈበት ላይ ክሮቹን በጫፉ ገለጥ ገለጥ እያደረግሁ ከስር አስያዝኩላት። ሐርን ገፍተው ሳይሆን መንገድ ለምነው ነው የሚያልፉበት።

እትዬ ሀስና ክንዷን አነሳች፣ ዞረች፣ ጎንበስ አለች። ሻርፑ ንቅንቅ አላለም። አንገትጌዬን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች።

"እትዬ ሰዓደት፣ ይሄን የት ተማሩት?"

 

"ዕቃዋ አይደል፤ አስመጪ እኮ ናት" አለች ቦሰና።

እውነቱን እንዳልናገር ልጄ ታፍራለች። ውሸቱን እንዳልናገር ደግሞ እጄ ገና እዚያ ሐር ላይ ነው፤ በገዛ እጄ ፊት መዋሸት አቃተኝ። ከሁለት አንዱንም ሳልል የቆምኩት ጊዜ ከሃያ ሁለቱ ዓመት የረዘመ መሰለኝ።

ኢክራ ከሙሽራ ወንበሯ ተነሳች። ሚዜዎቿ ቀሚሷን ሊይዙላት ሲሯሯጡ በእጇ መለሰቻቸውና ብቻዋን ወደኛ መጣች።

"አስመጪ አይደለችም" አለች። ድምጿ ትንሽ ተሰባበረ፤ ግን ድንኳኑን ዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። "አስመጪ ናት ያልኋችሁ እኔ ነኝ፤ ዋሽቻችሁ ነው። እናቴ አንዋር ጀርባ ደጃፍ ላይ ስፒል ትሸጣለች። ያስተማረችኝም በሱ ነው።"

እትዬ ሀስና ትከሻዋ ላይ ያለውን እጥፋት በጣቷ ዳሰሰች፣ አሮጌውን ቀዳዳም ዳሰሰች።

"አንዋር ጀርባ?" አለች። "ከሱቄ አምስት ደቂቃ እኮ ነው። ይሄ ቀዳዳ ሲከፈት የት ነበሩ?"

"እዚያው ነበርኩ። ጨርቁን ይዘው ቢመጡ ነበር" አልኋት።

ሳቀች፤ ሴቶቹም አብረው ሳቁ። እኔ ግን የማየው ልጄን ነበር። ልጅ ወልጄ ያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ተደስቻለሁ፤ ኩራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ኢክራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። የውበት ሳሎኗ ልጅ ዓይነርግቧን ስድስት ቦታ በወፍራም ስፒል ወግታዋለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት እንዳላየሁ ሆኜ ነበር።

"ንቀይውና አንቺ አስይዥልኝ" አለችኝ።

"እዚሁ? ይቀርጻል እኮ።"

"ይቅረጽ።"

ከአንገትጌዬ ስፒል አወጣሁ።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አልኋት። ቀጥ ብላ ቆመች።