ሁለት የግራ እጅጌ

የሙሽራውን ኮት እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለቱም የግራ ሆነው አገኘኋቸው። የልኩን ወረቀት ሳልገለብጥ ቆርጫለሁ፤ መቀስ ይዤ የሸበትኩት ሰውዬ፣ እንደ ትናንት ጀማሪ!

ጥፋቱ የስኳሬ ነው። ጠዋት ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ኢንሱሊኔን ተወጋሁ፤ ከዚያ «ይቺን ልቁረጥና እበላለሁ» እያልኩ ረፈደብኝ። አሁን ላቤ ይንቆረቆራል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሽታው ከያዘኝ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም በልብስ ስፌት ቤታችን የሚያውቅ የለም። ከእኔ በፊት የነበረው ቆራጭ ዓይኑ ሲደክም፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ በማግስቱ መቀሱን ተቀብለው በር ላይ ደንበኛ ተቀባይ አደረጉት። እኔ ከዚህ ጠረጴዛ ከምነሳ ጥርሴ ቢነቀል ይሻለኛል።

ቁልፍ ሰፊዋ እጅጌዎቹን አየች። ካውያ የምንለው ልብስ ተኳሻችንም አየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አፌን አሸተተኝ!

«ዛሬስ አይሸትም» አለ።

«ምኑ?»

«መጠጡ ነዋ! ወንድሜ፣ ካወቅን እኮ ቆየን።»

«አይዞህ» አለች ቁልፍ ሰፊዋ፣ «ለእትዬ ትንፍሽ አላልንም። አንተ ስትወጣ የቆረጥከውን ሁሉ ደግመን እየለካን ነው የምናሳልፈው።»

ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! በሕይወቴ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ሁለት ቀን የታመምኩ ሰው ነኝ። ንዴቴ ገንፍሎ ወጣ።

«መጠጥ አይደለም፣ ስኳር ነው! የስኳር በሽታ! አሁንም ወርዶብኛል፤ ከረሜላ ስጡኝ!»

ቁልፍ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣችና መልሳ ከኋላዋ ደበቀች።

«በሽታህ ስኳር፣ የምትለምነው ስኳር! በእጄ ልትሞትብኝ ነው?»

«ሲወርድ ነው የሚያስፈልገኝ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ካውያ ነጥቋት ልጦ እንደ ሕፃን አጎረሰኝ። ሁለተኛ ጨመረ፣ ሦስተኛም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ እጄ ረጋ፣ ዓይኔም ጠራ። ያን ጊዜ እትዬን በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሁሉንም ሰምተዋል።

መቀሱን አንስቼ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ባለፈው ወር ደክሞት ጨርቁ ላይ ተደፍቶ ተኛ ያሉኝ ዕለትስ?» አሉኝ።

«ያን ዕለትም ወርዶብኝ ነበር። እንደ ምንም ነቅቼ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አገኘሁ።»

የካውያ ፊት አመድ መሰለ። «እኛ እኮ ስካሩ እስኪበርድለት ይተኛ ብለን፣ በር ዘግተንብህ ምሳ ሄድን» አለ።

ቁልፍ ሰፊዋ ዓይኗን በመሀረብ ጠረገች። እኔም በድንጋጤ ተቀመጥኩ፤ መቀሴን አጣለሁ ብዬ ስፈራ ለካ ሌላውን ሁሉ ላጣ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ እትዬ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። ቀጥለው ተቆጡ። «ዓይኑ የደከመ ሰው መቀስ ቢይዝ ጣቱን ይቆርጣል፤ አንተ ግን የምትፈልገው ቁርስ ነው! ለቁርስ ብዬ እንዳንተ ያለ ቆራጭ ላጣ? ቁጭ በልና ብላ!»

ምሳ ዕቃዬን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ካውያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«አንድ በአንድ ንገረን» አለ። «ብትወድቅ መጀመሪያ ምን እናድርግ?»

እየጎረስኩ ነገርኳቸው፤ ቁልፍ ሰፊዋ ያልገባትን እያስደገመችኝ፣ እሱም እየጻፈ።