ብሎኑ ወዴት ይዙር

ደን ጠባቂው ባጫ ከቁስቋም በላይ ባለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ተኮሰ። ጥይቷ አሁንም ለዒላማ ካቆመው ካርቶን መሀል ወደ ግራ ሸሸች፤ ይባስ ብላ ከበፊቷም ርቃለች። በሸቀ።

ያበደ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሰው መንከስ ከጀመረ ወዲህ ሰፈሩ እንቅልፍ የለውም። እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች አትውጡ ቢባሉ ማን ሰምቶ፤ የተራበ ሆድ ጅብ አይፈራም። ከነሱ አንዷ የባጫ ሚስት አበራሽ ናት። መሥሪያ ቤቱም ጅቡን ግደል ብሎ ሆሎግራፊክ ማነጣጠሪያ የታሰረበት ጠመንጃ ሰጠው። በመስተዋቱ ሲያዩ ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ጥይቷ ነጥቧ ባረፈችበት እንድታርፍ ግን መጀመሪያ ከማነጣጠሪያው ጎን ያለውን ብሎን በካቻቢቴ እያዞሩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጥይት ደግሞ እንደ በርበሬ በቁንጥር ነው የተሰጠው። ምን ይደረግ!

ባጫ ዕድሜውን በክላሽ የጨረሰ ሰው ነው። በክላሽ፣ ጥይት ወደ ግራ ከሄደች ከአፈሙዙ ጫፍ ያለችውን ብረት ወደ ግራ ትገፋታለህ፤ ጥይቷን ትከተላታለህ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ይሄኛውንም ብሎን ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ጥይቷም እየራቀች ትሄዳለች። በመሣሪያው የሠለጠነችው አዲሷ ባልደረባው ሃዊ፣ ይሄ በተቃራኒው ነው ብላ ደጋግማ ነግራዋለች። እሱ እቴ! እኔ ስተኩስ አንቺ መቼ ተወልደሽ ብሎ አፏን አስዘጋት። አንዲት ጥይት ስትቀር ግን ኩራቱ አለቀና ካቻቢቴውን አቀበላት። ሃዊ ብሎኑን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ወደ ቀኝ መለሰችው።

ባጫ በቀረችው ጥይት ሊሞክር ሲተኛ ጅቡ ራሱ መጣ። ለሐጩን እያዝረበረበ ከካባው ማዶ ካለው ጥሻ ተንገዳግዶ ወጣ። ከጅቡ በስተግራ ደግሞ ሴቶቹ እንጨታቸውን ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ፊተኛዋ አበራሽ ናት። ጅቡ ወደ እሷ ዞረ።

ባጫ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስጠጋ። ጥይቷ እንደ ቅድሙ ወደ ግራ ከሄደች የምትመታው ሚስቱን ነው። ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሸት አድርጎ ቢያነጣጥርስ? ልጅቷ በትክክል አዙራው ከሆነ ደግሞ ጅቡን ይስተዋል፤ ሌላ ጥይት የለም። እጁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ አለው። እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም።

«ነጥቧን ደረቱ ላይ ያድርጉ፣ ጋሽ ባጫ» አለች ሃዊ ከጎኑ ሆና በሹክሹክታ። «ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

ጠመንጃውን መለስ አደረገው። ነጥቧ የጅቡ ደረት ላይ አረፈች። ተኮሰ።

ጅቡ በቆመበት ተዘረረ። ሴቶቹ እንጨታቸውን ጥለው ተበታተኑ። አበራሽ ከወደቀችበት ተነስታ እያለከለከች ወደ ካባው መጣችና የባሏን እጅ ልትስም አጎነበሰች። ባጫ እጁን ነጠቃት።

«የሷን ሳሚ» አላት ሃዊን እያሳየ። «እኔ እንዳዞርኩት ቢሆን ኖሮ፣ ጥይቷ የምታገኘው አንቺን ነበር።»