ሌላ ሰው ሲነዳ

ባሌ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ተሳፍሮ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። አውቶቡስ ነጂ ነውና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ፣ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን በቀኝ እግሩ ይረግጣል።

የልቡ ምት ከተዛባ ቆይቷል። የታዘዘለትን ክኒን ግን «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ሰው ጭኜ ላንቀላፋ?» ብሎ ከተወው ወር አልፎታል። ለእኔ ትንፍሽ አላለም፣ ይሄ ደረቅ! ዛሬ አንጀቱ ተቋጥሮ ሆስፒታል ሳመጣው ነው ለቀዶ ጥገና ልታስተኛው ለመጣችው የሰመመን ሐኪም የተናዘዘው።

«ልብዎ እየጋለበ ነው፣ አባቴ» አለችው። «እስኪረጋጋ እንዳንጠብቅ አንጀትዎ ጊዜ አይሰጠንም። በዚህ ልብ ማስተኛት ያስፈራል፤ አለማስተኛት ደግሞ ይገድላል።»

እግሯ ላይ ወድቄ ልለምናት ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? አስተኚው ልበል ወይስ አታስተኚው?

እሱ እጇን ያዘ። «ልጄ፣ እኔ ስተኛ ማን ነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ» አለችው። «ዓይኔን ከልብዎ ላይ አልነቅልም።»

እኔን የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አስቀሩኝ። በመስታወቱ አየዋለሁ። ጭምብሉን ሲያደርጉለት ቀኝ እግሩ አንሶላው ሥር ይረግጣል፣ አሁንም ይረግጣል። ያ ክኒኑን ትቶ ወር ሙሉ ሲሸሸው የከረመው እንቅልፍ መጣበት።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዳትተኛ!» ብዬ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

እግሩ ፍሬኑን ለቀቀ።