ሳትሰማ የመለሰችው ጥያቄ

ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ከፊቷ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ ልብስ ሰፊዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትዮዋ እጇን ጨብጣ ሌላም ነገር ጨመረች። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ነቀነቀች።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሷቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተጨናንቋል። የልብስ ስፌት መኪናዋ ጥግ ተገፍቶ አንሶላ ለብሷል፤ በላዩ ላይ የሻይ ፔርሙዞች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያወራው ወሬ ግን ለእሷ ከግድግዳ ማዶ እንደሚፈስ የቧንቧ ውኃ ነበር። ቀኝ ጆሮዋ ጭራሽ ተዘግቷል። በግራው የሚገባው የቃል ጥላ እንጂ ቃል አይደለም። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ የመስሚያ መሣሪያዎቿን ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ምንም ለውጥ የለም።

ለማን ትንገር? ባሏን ቀብራ በተመለሰች ማግስት «ጆሮዬ አልሰማ አለኝ» ብትል፣ በዚህ ሐዘን መሀል ስለ ራሷ የምታስብ አይመስልባትም? ደግሞም ዘዴ አግኝታለች። ለቅሶ ደራሽ የሚናገረው አምስት ነገር ነው፦ እግዜር ያጥናሽ፤ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር፤ ምን ነካው እንዲህ በድንገት፤ እህል ቅመሺ እንጂ፤ አይዞሽ። ለአምስቱም ራስን መነቅነቅ በቂ መልስ ነው።

ዘዴው እስከ ከሰዓት በኋላ ሠራላት።

ከሰዓት በኋላ የባሏ ታላቅ እህት ወንበር ስበው ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ቤተሰቡ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት የመሩ ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲያፈጡበት ተማሪ ቀርቶ መምህሩም ጥፋቱን ሳያውቅ ይቅርታ ይላል። ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው አብጧል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ አንድ ነገር ጠየቋት።

ልብስ ሰፊዋ ነቀነቀች።

እትዬ ደግመው ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ ስድስተኛ ነገር ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም። እንዲያውም እንባ ባቀረረ ዓይኗ እያየቻቸው ጠንከር አድርጋ ነቀነቀች።

ቤቱ ቀጥ አለ። ይህን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም። ወደ አፍ የሚሄዱ የሻይ ብርጭቆዎች መንገድ ላይ ቆሙ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጎረቤታቸው ጋሽ ፍሬን አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው «ድመት በሩቅ ካዩ ፍሬን ይይዛሉ» እያሉ የሚቀልዱባቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። የሳቸውንና የሟቹን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

እትዬ ተነሥተው ወጡ። ሁለት ሴቶችም ሳይሰናበቱ ተከተሏቸው። ልብስ ሰፊዋ ምን ብላ እንደመለሰች ባታውቅም የሆነ ነገር እንደሰበረች ገባት። እትዬ ደጃፍ ላይ ቆመው ለአንዷ ሲነግሯት ከንፈራቸውን በዓይኗ ተከተለች። አንዲት ቃል ብቻ ለቀመች።

«ሲጠራት።»

ሊጠራት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር። እሷ በሳሎኑ መስኮት ሥር ትሰፋለች፣ እሱ ከኋለኛው ክፍል በአምፑል ብርሃን ሰዓት ይፈታል። ከአሥር ዓመት በፊት ደንበኛ «እጅጌውን አሳጥሪው» ሲላት ወገቡን አጥብባ ስታስረክብ ክሊኒክ ይዟት የሄደው እሱ ነው። መሣሪያዎቹን ባመጡ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። «የአሮጊት ጉትቻ አላደርግም» አለች።

«ሰዓት አቧራ ሲገባው አፍሮ መሳቢያ ይገባል እንዴ?» አላት። «እኔ ዘንድ ይመጣል እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሚያጸዳላቸው እሱ ሆነ። በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፣ በጭራ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ከጫፉ ላይ ያለችውን የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ማጣሪያ በወረንጦ አውጥቶ ይቀይራል። «የሰዓት ጠላቱ አቧራ፣ የዚህ ጠላቱ የጆሮ ኩክ» ይላል። እሷ መዳፏን ዘርግታ መቀበል ብቻ ነበር ሥራዋ። ማጣሪያ የሚባለው ነገር የት እንደሚቀመጥ እንኳ አታውቅም።

ሲጣሉ ደግሞ ሁለቱንም ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች። «ሱቁ ተዘግቷል!» ትላለች። እሱም የልብስ መተለሚያ ጠመኔዋን አንሥቶ የደንበኛ ጨርቅ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ይጽፋል። ትስቃለች። ሱቁ ይከፈታል።

ያን ዕለት ጠዋትም ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ ድምፅ እየራቃት ነበር። እሱ መሣሪያዎቹን መርምሮ «እነዚህስ ደህና ናቸው፤ የሞላው ጆሮሽ ነው። ክሊኒክ እንሂድ» አላት። እሷ የምታስረክበው ስምንት የደንብ ልብስ ነበራት። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ቆየች፤ ተደብቃም ጆሮዋን በጥጥ እየጎረጎረች ከረመች። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ጥጡን አገኘው።

«አትክተቺ ብዬሽ አልነበረም? ወደ ውስጥ እኮ ነው የምትጠቀጥቂው!»

«በጆሮዬ ምን አገባህ?»

ይህን ብላ መሣሪያዎቹን ፊቱ አስቀምጣ ወጣች። ጠመኔ አላነሣም። እሷም ዞር ብላ አላየችም፤ ጀርባዋን ለኋለኛው ክፍል ሰጥታ እስከ አሥር ሰዓት ሰፋች። ሻይ ልታደርስለት ስትገባ ከመቀመጫው አጠገብ ወድቆ አገኘችው። አንደኛው መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ጸድቶ ተቀምጧል። ሌላው መዳፉ ውስጥ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጣ ነው የወሰደችው።

ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግራና ቀኟ ያሉ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። የሚመጣው ሰው እጇን ነካ አድርጎ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እትዬ ከማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። እሷም በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ የተፈረደባት ያህል ተቀመጠች፤ አንዴ በእነሱ፣ አንዴ በራሷ።

በቀብሩ ዋዜማ ከሥራ ቦታዋ የመጣችው ልጇ ከጎኗ ቆማ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ልጅቷ የአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ናት። አፏን ግራ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ጮኸች።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እናቲቱ ነቀነቀች።

«እሱን ተዪው! መስታወት ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስሸጥ ስድስት ዓመቴ ነው። ሳይሰማኝ የሚነቀንቅ ሰው አውቃለሁ። እንደዚህ እየነቀነቀ ነው ሰው ያላሰበው ከተማ የሚወርደው።» ከዚያም የእጅ ቦርሳዋን በርብራ የትኬት ጀርባ ላይ ጻፈችና ሰጠቻት።

«እትዬ ምን ብለው እንደጠየቁሽ ታውቂያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ጽሑፉን አየች። አልነቀነቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ለቅሶ ትታ ወጣች» መባሉ አይቀርም ነበር፤ ተባለም። ልጅቷ ግን እናቷን በጓሮ በር አውጥታ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት። ክሊኒኩ ውስጥ ጆሮ የምታየው ነርስ ገና ወጣት ናት፤ ፈርጠም ያለች፣ ወሬ የማታበዛ። ሁለቱንም ጆሮዋን በመብራት አየችና አፏን ወደ ግራው አስጠግታ ጠንከር ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«በጥጥ ነክተውታል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«ደንድኖ እንደ ቡሽ ከድኖታል። ኩክ እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ የጆሮ ዘበኛ ነው፤ ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። መሣሪያ ሲደረግበት ግን መውጫ ያጣል። እርስዎ ደግሞ መልሰው ገፉት።»

ጠብታ አደረገችላት። አስተኝታ አቆየቻት። ለብ ያለ ውኃ በቀስታ ስትረጭ ልብስ ሰፊዋ የጆሮዋ ውስጥ እንደ ጎርፍ ሲያጓራ ሰማች፤ ከዚያ አንድ ነገር ተላቀቀ። ነርሷ የመሣሪያዎቹን ማጣሪያ አውጥታ አሳየቻት፤ በእነዚህ ቀናት ኩክ ተደፍነዋል። እንዴት እንደሚቀየሩ እያሳየች ቀየረች። መልሳ ስትሰካላት ዓለም በአንድ ጊዜ ወደቀባት፦ የወንበር መንቋቋት፣ የልጇ ትንፋሽ፣ በኮሪደሩ የሚሄድ ሰው ኮቴ።

ልትነሣ ስትል ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ከአራት ቀን በፊት፣ እንደዚህ ተደፍኖ ሳለ፣ ከጎን ክፍል ሰው ቢጠራኝ እሰማ ነበር?»

«አይሰሙም።»

«መሣሪያውን አድርጌውስ ቢሆን?»

ነርሷ ጓንቷን አውልቃ አየቻት። «አድርገውትም አይሰሙም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ይዛ ታክሲው ውስጥ ገባች። ነፃ ያወጣት ይሁን የፈረደባት መለየት አቃታት። ቢያደርጉትም አይሰማም፤ እሺ። የደፈነው ማን ሆነና?

ሳሎኑ እንደሞላ ነው። ስትገባ ወሬው ተቋረጠ፤ አሁን መቋረጡንም ሰማችው። ወደ ወንበሯ አልሄደችም። እትዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ትናንት የጠየቁኝን ዛሬ ይጠይቁኝ።»

«አንዴ መልሰሽልኛል» አሉ እትዬ።

«አልሰማሁዎትም ነበር። ጆሮዬ ተደፍኖ ስለነበር ሳልሰማ ነው የነቀነቅሁት። አሁን እሰማለሁ፤ ይጠይቁኝ።»

እትዬ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ወንድሜ ሲጠራሽ እየሰማሽ ዝም ብለሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ጥያቄው ገና አሁን ደረሳት። ለዚህ ነበር ሁለት ጊዜ የነቀነቀችው! የስፌት መኪናዋን ጠርዝ ያዘች።

«አልሰማሁትም።» እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። «ግን ሌላውንም ከኔ አፍ ይስሙት። ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተናል። መሣሪያዎቹን ነቅዬ ፊቱ ጥዬለት ወጣሁ። ክሊኒክ እንሂድ ሲለኝ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይኸው ነው።»

ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞረች።

«ሲጠራኝ የሰማው ማነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በሩ አጠገብ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ፍሬን ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው እያሻሹ ተነሡ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። ሦስት ጊዜ ጠራሽ። ጋዜጣ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። ሁሌም ይጠራሻል፤ በናንተ ቤት ጥሪ ምን አዲስ ነገር አለው ብዬ ጋዜጣዬን ገለጥኩ። ሦስተኛው ግን…» ወደ ግድግዳው ዞር አሉ። «ሦስተኛው ደከም ያለ ነበር። ደከም እንዳለ ሰምቻለሁ። አልተነሣሁም። ለእትዬ ስነግራቸው ይህችን ዋጥኳት። የኔ ጆሮ እኮ ደህና ነው።»

እትዬ ዞር ብለው አፈጠጡባቸው። ያ መምህርን የሚያስደነግጠው ዓይን ነበር። ነገር ግን ብዙ አልቆየም፤ ውኃ ሞላው። «እርስዎ ደግሞ…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቅቷቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ልብስ ሰፊዋ ልትጮህባቸው ትችል ነበር። ቤቱም የጠበቀው እሱን ነው። እሷ ግን ሽማግሌው ዘንድ ቀረበች።

«ምን ብሎ ነው የጠራኝ፣ ጋሼ?»

«‹ነይማ› ነው ያለው።»

«እሱ እንዳለው አድርገው ይበሉት።»

«ኧረ ተዪኝ፣ እህቴ።»

«ይበሉት። ሦስቱንም።»

ጋሽ ፍሬን ወለሉን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጀመሪያው ከፍ ያለ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ሳያነሣ የሚጠራው ጥሪ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ቁጣ አለበት። ሦስተኛውን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሆን ብለው ይሁን ከራሳቸው አይታወቅም።

«ነይ…ማ።»

ሰማችው። የመጨረሻዋን ፊደል እንኳ ሳታስቀር ሰማችው።

እትዬ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። እሷ አላየችም። ፊቷን ወደ ኋለኛው ክፍል አዙራ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ የበሩን መቃን ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣

«አቤት» አለች።