በእህቴ ልክ የተጻፈ ሕግ

እህቴ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ጥፋቷ አንድ አሃዝ ነው። የአንዲት በሽተኛ ፋይል በኮምፒውተር ስትፈልግ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ባለው የገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስታ ጻፈች፤ የሌላ ከተማ ሆስፒታል በሽተኛ ሙሉ ታሪክ፣ የደም ምርመራው ሳይቀር፣ ያለ ምንም የይለፍ ቃል ፊቷ ተዘረገፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘግቶ ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሷ ግን የተከፈተ በር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ለማረጋገጥ ሌላ ሁለት ቁጥር ሞከረች፤ ሁለቱም ተከፈቱ። ወዲያው ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈች፤ ምን እንዳየች፣ በስንት ሰዓት፣ ስንቴ እንደሞከረች፣ ከነሙሉ ስሟና ፊርማዋ።

መሥሪያ ቤቱ ቀዳዳውን በሁለት ቀን ደፈነ፤ በሦስተኛው ቀን ከሰሳት። ያለ ፈቃድ ወደ መንግሥት ሲስተም መግባት፣ ሦስት ጊዜ። ማስረጃው የገዛ ደብዳቤዋ ነው። ከሥራ ታገደች፤ ከተፈረደባት እስከ ሦስት ዓመት ትታሰራለች፣ ካርድ ክፍልንም ዳግመኛ አታያትም።

«ጋሼ፣ ባልፈርም ኖሮ ማን ያውቀኝ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ስም የሌለው ደብዳቤ የፈሪ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው፣ ብያታለሁ።

እኔ ሕግ አርቃቂ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች የተጣሉበትን ሐሳብ ተቀብዬ በአንቀጽ እከፋፍላለሁ። እህቴ በተከሰሰች በወሩ፣ በመንግሥት ኮምፒውተሮች ላይ የደኅንነት ክፍተት ስለ ማግኘትና ስለ ማሳወቅ ሕግ እንዳረቅ ታዘዝኩ። ነገሩን ለአለቃዬ አልደበቅኋቸውም። «ዘመድ የሌለው አርቃቂ ስፈልግማ ሕጉ ሳይወለድ ያረጃል» አሉና ፋይሉን ወደ እኔ ገፉት።

አንቀጽ ዘጠኝን የጻፍኩት እንደ ልብስ ሰፊ፣ እህቴን ፊቴ አቁሜ ነው። በቅን ልቦና ክፍተት ያገኘ፣ ለማረጋገጥ ከሚያስፈልገው በላይ ያልነካ፣ ምንም ያልወሰደና ሳይዘገይ ያሳወቀ ሰው፣ ቀድሞ ፈቃድ ባይኖረውም አይከሰስም። «ለማረጋገጥ» የምትለዋን ያስገባሁት ለእነዚያ ሁለት ሙከራዎች ብዬ ነው። ዛሬም አላፍርበትም፤ ጥሩ አንቀጽ ነው።

ውይይቱ አምስት ስብሰባ ፈጀ። የከሳሹ መሥሪያ ቤት ተወካይ፣ ሲናገሩ እስክሪብቷቸውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርጉ ሰው፣ በየስብሰባው አንድ ተረት አይጠፋቸውም። በመጨረሻው ቀን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ።

«አጥራችሁ ወድቋል ብሎ የመጣ ጎረቤት ንቆን ነው? ቢንቀንማ ዝም ብሎ ይገባ ነበር።»

«ሌባም እኮ ሲያዝ ልነግራችሁ ስመጣ ነው ይላል።»

«ሌባ ፈርሞ አይመጣም» አልኳቸው።

ሰብሳቢው ሳቁ፤ ሰብሳቢ ከሳቀ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አንቀጽ ዘጠኝ አንድ ቃል ሳይነካ አለፈ። ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ሕጉ ጸድቆ በታተመ ዕለት አንድ ቅጂ ይዤ እህቴ ቤት ሄድኩ። ችሎቷ በማግስቱ ነበር። አንቀጽ ዘጠኝ ያለበትን ገጽ ጫፉን አጥፌላታለሁ። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ግን ወረቀት የሚያነበው ከኋላ ነው፤ ቀንና ፊርማ ያለው እዚያ ነዋ። ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች፤ እዚያው ቆመች።

«ይሄ ሃያ ሦስት ምንድን ነው?»

«የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። የተለመደ ነው፣ ሁሉም ሕግ ላይ አለ።»

ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየሳበች አነበበችልኝ፤ «ይህ ሕግ ከመጽናቱ በፊት የተጀመሩ ጉዳዮች በነበረው ሕግ መሠረት ፍጻሜ ያገኛሉ።» ቀና አለች። «የኔ ተጀምሯል አይደል?»

በእኛ ክፍል የሕግ መጨረሻ አይጻፍም፣ ይገለበጣል። የመጨረሻዎቹን ሦስት አንቀጾች ካለፈው ሕግ ወስደን ቁጥራቸውን እንቀይራለን፤ አለቃዬም፣ ከሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። በስብሰባ ላይም «የተለመደው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያለፈው ሕግ ስለ ነጋዴዎች ሚዛን ነበር። ለሚዛን የሚበቃውን ለእህቴ ገልብጬላታለሁ። አምስት ስብሰባ ሙሉ ያንን ሰውዬ ስጠብቅ፣ የገዛ እጄን የጠበቀ አልነበረም።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

የታጠፈውን ገጽ ገልጣ ዘጠኝን ቀስ ብላ አነበበችና «ጥሩ ነው» አለች። «ከኔ በኋላ ለሚመጣው።»

አፈርኩ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፍቼ የወጣልኝ «ይግባኝ አለ» የሚል ነው።

በማግስቱ ጠበቃዋ የሚችሉትን ሁሉ ተከራከሩ። የሕጉ መንፈስ ሰውን መጠበቅ ነው አሉ፤ የአርቃቂው ሐሳብ ይታይ አሉ። አርቃቂው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያያል። ዳኛዋ ሃያ ሦስትን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የአርቃቂ ሐሳብ የሚፈለገው ቃሉ ሲያሻማ ነው» አሉ። «ይህ አያሻማም። በሚገባ ተጽፏል።»

ክሱ በነበረው ሕግ እንዲቀጥል አዘዙ። እህቴም ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ተከሳሽ ሳጥን ገባች።